ከእድር ሣንቲም እስከ ተማሪዎች ቁርስ
የመዋጮ ታሪካችን በአጭሩ



ታሪክ ስናስተምር የነገሥታቱን ዘመንና የጦርነቱን ዓመተ ምሕረት ተማሪው በቃሉ እንዲይዝ እናደርጋለን። ሕዝቡ ሣንቲም በሣንቲም አጠራቅሞ ያቆመውን ግን በመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ እምብዛም አናገኘውም። ለተቸገረ ማዋጣት ትናንት ከውጭ የተማርነው ነገር አይደለምና በዚህ እትም ስለ እርሱ ጥቂት እንጽፋለን።

በመጀመሪያ እድርን እንመልከት። ገበሬው በደቦ ሲሠራ፣ በማኅበርና በሰንበቴ ሲሰባሰብ ኖሯል። ከተማ ሲገባ ግን ዘመዱ ራቀው፤ ቢሞት የሚቀብረው፣ ቢያዝን የሚያጽናናው ጎረቤቱ ሆነ። እድር በአዲስ አበባ በተለይ ከጣሊያን ወረራ ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) ወዲህ የተስፋፋው ስለዚህ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። አባል በየወሩ የተወሰነች ገንዘብ ይከፍላል፤ ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ይመረጣሉ። ሞት ሲደርስ ጥሩምባ ይነፋል፤ ድንኳን ይተከላል፤ ወንበሩና ድስቱ ይወጣል፤ ለሐዘንተኛው በደንቡ የተቆረጠው ገንዘብ ይሰጠዋል። ከቀብር የቀረ ይቀጣል። ያለውም የሌለውም እኩል ስለሚከፍል ተቀባዩ አንገቱን አይደፋም፤ የሚቀበለው መብቱን እንጂ ምጽዋት አይደለም። እድርን ያጸናው የገንዘቡ ብዛት ሳይሆን ይህ እኩልነትና በሁሉ ፊት የሚነበበው መዝገብ ነው።

ነገር ግን እድር ወሰን አለው። የሚደርሰው ስሙ በመዝገብ ለተጻፈ ሰው ነው። በ1965 ዓ.ም. የወሎ ገበሬ በረሃብ ሲያልቅ ይህ ወሰን ጎልቶ ታየ። የተራበው ሕዝብ ወደ ሰሜን በሚወስደው አውራ ጎዳና ዳር ቆሞ፣ መኪና እያስቆመ ምግብ ይለምን ነበር። ለእርሱ ጥሩምባ የሚነፋ አልተገኘም። መንግሥትም ነገሩን ሸሸገው። ያን ጊዜ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ድረስ ሄደው ፎቶግራፍ አንሥተው በግቢው ውስጥ አሳዩ፤ ተማሪዎችም ቁርሳቸውን ትተው ዋጋው ለተራበው እንዲውል አደረጉ።

የአንድ ተማሪ ቁርስ ዋጋው ስንት ነው? አገር ያዳረሰ ረሃብ እንደማያስታግሥ ግልጽ ነው። መዋጮው ግን ሌላ ሥራ ሠራ። ገንዘብ የሚሰበስብ ሰው «ለማን? ስለ ምን?» ተብሎ ይጠየቃል፤ መልስ መስጠትም ግድ ይለዋል። ስለዚህ ስለ መዋጮው በተነገረበት ሁሉ የተሸሸገው ረሃብ አብሮ ተነገረ። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ረሃቡን በፊልም ለአገሩ ሕዝብ ሲያሳይም ብዙ እርዳታ ተሰበሰበ። ያው ፊልም መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ፤ በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ዙፋኑን የጣለው ፊልም ብቻ ነው አንልም፤ የወታደሩ፣ የመምህሩና የታክሲ ነጂው ጥያቄ በ1966 ዓ.ም. ቀድሞ ተነሥቶ ነበር። ቢሆንም የሕዝብን ረሃብ መሸሸግ ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል ያ ሌሊት አሳይቷል።

እድርም ቢሆን በቆመበት አልቀረም። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ኤድስ በየመንደሩ ብዙ ሰው ሲቀጥፍ፣ አያሌ እድሮች ደንባቸውን አሻሽለው ለታመመና ወላጅ ለሌለው ሕፃን መርዳት ጀመሩ። ለቀብር የሚከፈለው ገንዘብ ከቀብር በፊት ቢሰጥ ነፍስ እንደሚያቆይ አስተዋሉ።

ይህን ሁሉ ያነሣነው ለወሬ አይደለም። በመጠለያ ውስጥ ከራሽናችን ቀንሰን ለታመመ ጎረቤት ስናዋጣ ከሁለቱም እንማር። ከእድሩ መዝገቡን እንውሰድ፤ የገባውና የወጣው በሁሉ ፊት ይነበብ፤ የሚቀበለውም አይፈር። ከተማሪዎቹ ደግሞ ስሙ በመዝገባችን ላልተጻፈ ሰው መድረስን እንውሰድ፤ ትናንት ማታ የገባውን፣ ቋንቋችንን የማያውቀውን፣ ዋስ የሌለውን። አዋጭው ለማንና ለምን እንደሚሰጥ ይነገረው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው፤ ከሃምሳው አንዱ ሎሚውን ይዞ እንዲመጣ ግን ጥሩምባው ሊሰማው ይገባል።