አምስት ቋንቋ በአንድ ሰሌዳ

ታህሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ሲጀመር፣ 60 ሺህ ያህል ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ወጡ። ያልዘመተ ተማሪ ትምህርቱን መቀጠል አይችልም ነበርና ሁሉም ወዶ ሄደ ማለት አይቻልም።

የዘመቻው ትልቁ ቁም ነገር ግን ሰሌዳው ላይ ነበር። አማርኛ እየተናገረ ላደገ ገበሬ «ሀ ሁ» አፉን የፈታበት ቋንቋ በር ነው። የወላይታው ገበሬና የሶማሌው አርብቶ አደር ልጅ ግን ትምህርት ቤት ሲገባ የእናቱን ቋንቋ ደጅ ጥሎ ይገባ ነበር። በዘመቻው ከአማርኛ ሌላ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በወላይትኛና በሶማልኛ መሠረተ ትምህርት ተሰጠ።

ሁሉም ያኔ የሚጻፉት በግዕዝ ፊደል ነበር። በአማርኛ የሌለ የኦሮምኛ ድምፅ ሲመጣ «ደ» ጭረት ታክሎበት «ዸ» ይሆን ነበር። ጭረቷ ትንሽ ናት፤ ግን አንድ ጎልማሳ ከገዛ አፉ የሚወጣውን ድምፅ ሰሌዳ ላይ የሚያይባት እሷ ነበረች!

በሐምሌ 1971 ዓ.ም. በተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም ከአስተማሪዎቹ ብዙዎቹ ተማሪዎች ነበሩ። ቋንቋዎቹም ቀስ በቀስ 15 ደረሱ።