የካርቦን ናኖ ቁሶች በአዲሱ ትውልድ የፀሐይ ኃይል ሴሎች

ይህ መረጃ የተዘጋጀው የሶላር ፓነል ለመግዛት ወይም ለማስተከል ለሚያስቡ ተገልጋዮች ሲሆን፣ «ናኖ» እና «ግራፊን» የተሰኙት ስያሜዎች ምን እንደሆኑና ዛሬ በምን ደረጃ ላይ እንደሚገኙ ያብራራል።

በዓለም ላይ ከሚመረቱት የሶላር ፓነሎች ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት ከሲሊከን የሚሠሩ ናቸው። ሲሊከን ለሴል እስኪበቃ ድረስ ከ1,400 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ በሆነ ሙቀት መቅለጥና በከፍተኛ ደረጃ መጣራት ስላለበት ምርቱ ብዙ ኃይል ይጠይቃል። ተመራማሪዎች በአነስተኛ ሙቀት፣ እንደ ኅትመት ቀለም ተቀብተው የሚደርቁ ሴሎችን የሚሹት ስለዚህ ነው። ከእነዚህ ዋነኛው ፔሮቭስካይት የሚባለው ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2009 በጃፓን ለፀሐይ ሴል ሲሞከር ወደ ኤሌክትሪክ የለወጠው ካገኘው ብርሃን 3.8 በመቶውን ብቻ ነበር፤ በአሁኑ ወቅት በቤተ ሙከራ ከ25 በመቶ በላይ ደርሷል። ይሁንና ሴሉ በእርጥበትና በሙቀት ቶሎ ይበላሻል። በጀርባው የሚለበጠው ወርቅም ውድ ከመሆኑ በላይ፣ ሙቀት ሲበዛ ወደ ውስጥ ሰርጎ ሴሉን ይጎዳል።

ካርቦን የሚፈለገው እዚህ ላይ ነው። ናኖሜትር የአንድ ሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ሲሆን፣ የካርቦን ናኖ ቁሶች በዚህ መጠን የሚለኩ የካርቦን ቅርጾች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1985 የተገኘው ፉለሪን 60 አቶሞች እንደ እግር ኳስ የተጋጠሙበት ሲሆን፣ በሴሉ ውስጥ ኤሌክትሮኖችን ተቀብሎ ያስተላልፋል። ናኖቲዩብ እጅግ የቀጠነ ቱቦ ነው። ግራፊን ደግሞ የአንድ አቶም ውፍረት ብቻ ያለው ንጣፍ ነው። በተለምዶ «እርሳስ» የምንለው መጻፊያ ውስጡ እርሳስ የተባለው ብረት ሳይሆን ግራፋይት ነው፤ የማንችስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2004 ግራፊንን የለዩት ከዚሁ ግራፋይት ላይ በማጣበቂያ ፕላስተር እየላጡ ነበር። ግራፊን ከሚያርፍበት ብርሃን 2.3 በመቶውን ብቻ ስለሚያስቀርና ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ፣ በሴሉ ፊት ለሚቀባው ብርሃን አሳላፊ ንብር ይታጫል።

ለተግባር ይበልጥ የቀረበው ግን ከእነዚህ ሁሉ ተራ የሚመስለው የካርቦን ልቁጥ ነው። ግራፋይትና ጥላሸት መሰል ደቃቅ ካርቦን ተደባልቀው በወርቁ ምትክ በሴሉ ጀርባ ይታተማሉ። ልቁጡ ርካሽ ነው፤ ውሃ ስለማያስገባም ሴሉን እንደ ካባ ይጠብቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2014 በቻይና ዉሃን ከተማ የተሠራ እንዲህ ያለ ሴል 12.8 በመቶ ብቃት አስመዝግቦ፣ በሙሉ የፀሐይ ብርሃን ከ1,000 ሰዓት በላይ ሳይበላሽ ሠርቷል። ካርቦን እንደ ወርቅ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ በመሆኑ የብቃት ክብረ ወሰኖቹ ዛሬም በብረት የተለበጡት ሴሎች ናቸው። በሌላ አነጋገር ካርቦን እስካሁን በይበልጥ የሰጠው ዕድሜና የዋጋ ቅናሽ እንጂ ተጨማሪ ዋት አይደለም።

ስለዚህ «ናኖ» ወይም «ግራፊን» የሚል ጽሑፍ ብቻውን ለተጨማሪ ክፍያ ምክንያት ሊሆን አይገባም። ገዢ በቀላሉ ሊያሰላው የሚችል ማረጋገጫ አለ። በጠራ ቀን በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚያርፈው የፀሐይ ኃይል ወደ 1,000 ዋት ገደማ ነው፤ 20 በመቶ ብቃት ያለው ፓነል ከዚህ 200 ዋት ያህል ይሰጣል። አንድ ካሬ ሜትር ስፋት ያለው ፓነል 400 ዋት ያመነጫል የሚል ሻጭ ቢያጋጥም፣ ቁጥሩ እውነት ሊሆን አይችልም። ከዚህ በተጨማሪ በፓነሉ ጀርባ የሚለጠፈው መግለጫ ከፍተኛውን ዋትና ቮልቴጅ መያዙን፣ ምርቱም አይኢሲ 61215 የተሰኘውን የጥንካሬ ፈተና ያለፈበት የምስክር ወረቀት እንዳለው መጠየቅ ይገባል።

አዲሶቹን ሴሎች በመጠበቅ ግዢን ማዘግየት አስፈላጊ አይደለም። የታወቁ አምራቾች ለሲሊከን ፓነል እስከ 25 ዓመት የሚደርስ የኃይል ዋስትና ይሰጣሉ፤ የፔሮቭስካይት ሴሎች ግን ይህን ያህል ዘመን በጣሪያ ላይ ቆይተው ገና አልታዩም። አብዛኞቹ የፔሮቭስካይት ሴሎች እርሳስ፣ ይኸውም ብረቱን፣ ስለሚይዙ፣ የተሰበሩትን ከቤት ቆሻሻ ጋር መጣል ወይም ማቃጠል አይገባም።