ስም የሌላቸው ፎቶዎች፦ ከእንጦጦ ጫፍ እስከ የካ ቤቶች

እንጦጦ ተራራ ላይ፣ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ከሕዋ የሚላክ ምስል የሚቀበል የምድር ጣቢያ አለ። ኢትዮጵያ የመጀመሪያ ሳተላይቷን ኢቲአርኤስኤስ-1ን ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ስታመጥቅ፣ መረጃውን እንዲቀበል የተሰናዳው ይህ ጣቢያ ነበር። የምድር ምልከታ ሳተላይት የሚልከው ምስል ባዶውን አይመጣም። የተነሳበት ቀንና ሰዓት፣ የሚሸፍነው መሬት፣ ያነሳው መሣሪያ አብሮት ተመዝግቦ ይወርዳል። ከዓመታት በኋላ አንድ ባለሙያ የአንድን ወረዳ እርሻ ማየት ቢፈልግ በቦታና በቀን ፈልጎ ያወጣዋል።

ከዚያው ተራራ ሥር፣ ከቀበና እስከ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ከየካ ሚካኤል እስከ ኮተቤ ባሉ ቤቶች ውስጥ ሌላ የምስል ክምችት አለ። ቁም ሣጥን ላይ የተቀመጠ የብስኩት ቆርቆሮ፣ ገጹ የተጣበቀ አልበም፣ ቦታ የጠበበው ስልክ፣ መሳቢያ ውስጥ የተረሳ ሃርድ ዲስክ። በውስጣቸው ሠርግ፣ ክርስትና፣ ምረቃ፣ የፈረሰ ግቢ፣ የሞተ ዘመድ አለ። ማን እንደሆነ፣ መቼ እንደሆነ፣ የት እንደሆነ ግን ብዙ ጊዜ አልተጻፈም። መልሱ ያለው በእናት ወይም በአያት ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነው።

ማሽኑ አይቶት ለማያውቀው መሬት ስም ይሰጣል፤ ሰው ደግሞ የገዛ አባቱን ፊት ያለ ስም ያስቀምጣል። የኢትዮጵያን የፎቶ ታሪክ መለስ ብሎ ላየ ሰው፣ የተረፈውን ከጠፋው የለየው በአብዛኛው መዝገብ ነው።

የመጀመሪያው ምስክር ከጠላት እጅ የተገኘ ነው። በፋሺስት ጣልያን ወረራ ዘመን፣ ከ1935 እስከ 1941 እ.ኤ.አ.፣ የጣልያን አውሮፕላኖች ኢትዮጵያን ከአየር ያነሱ ነበር። ዓላማው ወታደራዊና ካርታ ለመሥራት ነበር። ከነፃነት በኋላ ፎቶዎቹ አዲስ አበባ በካርታ ሥራዎች ኤጀንሲ ውስጥ ተቀምጠው ለአሥርት ዓመታት ተረሱ። የቤልጂየሙ የጌንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ያን ኒሰንና ባልደረቦቻቸው ከኤጀንሲው ጋር ሆነው ሲያወጧቸው 8,281 ጠንካራ ሰሌዳዎች ሆነው ተገኙ። በየሰሌዳው ላይ በአንድ ጊዜ የተነሱ አራት ፎቶዎች ተደርድረዋል፤ አንዱ ቀጥታ ወደ ታች፣ ሁለቱ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያዘነበሉ፣ አንዱ ሩቁን አድማስ የሚያሳይ። በጠቅላላው ከ33 ሺህ በላይ ናቸው።

ከሁሉ በላይ የጠቀመው ግን በየሰሌዳው ላይ የነበረው መለያ ጽሑፍ ነው። ከአየር ሲታይ ተራራ ሁሉ ተራራ፣ ሸለቆ ሁሉ ሸለቆ ነው። በመለያው እየተመሩ ፎቶውን ከበረራ መስመሩና ከመሬቱ ማገናኘት ተቻለ። ዛሬ ምሁራን ደኑ የት እንደነበረ፣ እርሻው እስከ የት እንደደረሰ ከ80 ዓመት በፊት ከነበረው ጋር የሚያወዳድሩት በእነዚህ ፎቶዎች ነው። ሀገር ሊገዛ የመጣው ጦር የጻፈው መለያ፣ ለተወረረው ሕዝብ የመሬቱ ታሪክ ማስረጃ ሆኖ ቀረ።

ሁለተኛው ምስክር ከቤተ ክርስቲያን ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ ጽሕፈት ቤት፣ በአሜሪካ የቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲና በሚኒሶታ የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም ቤተ መጻሕፍት አንድ ሆነው የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም ማንሳት ጀመሩ። አብዮት መጣ፣ መንግሥት ተለወጠ፣ ጦርነት ሆነ፤ ሥራው ግን እስከ 1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ዘልቆ ከ9,000 በላይ መጻሕፍት ተነሱ። የሥራው መሠረት ቀላል ነበር፤ አንድ መጽሐፍ፣ አንድ ቁጥር። ቁጥር 1763 ሲባል የሐይቅ እስጢፋኖስ የ14ኛው ክፍለ ዘመን ድርሳናት መጽሐፍ ነው። ሀምቡርግ ያለም አዲስ አበባ ያለም ተመራማሪ ያንን ቁጥር ሲጠራ የሚከፍተው ያንኑ መጽሐፍ ነው።

ቁጥር ብቻውን ግን አይበቃም። ውስጡ ምን እንዳለ የሚጽፍ ሰው ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1975 በጥይት ቆስለው ቀሪ ዕድሜያቸውን በተሽከርካሪ ወንበር ያሳለፉት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይለ፣ በቀጣዩ ዓመት ሚኒሶታ ገብተው የየመጽሐፉን ይዘት፣ ያስጻፈውን፣ የጻፈውን፣ በኅዳጉ የሰፈረውን ሳይቀር እየለዩ መዘገቡ። እ.ኤ.አ. በ2021 እስኪያርፉ ድረስ ከዚህ ሥራ አልተለዩም። ፊልሙ ያለ እሳቸውና ያለ ባልደረቦቻቸው የተጠቀለለ ፕላስቲክ ሆኖ በቀረ ነበር።

ሦስተኛው ምስክር ከዛሬው የዲጂታል ዘመን ነው። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ማይክል ጀርቨርስና የሥዕል ታሪክ ምሁሯ ኤቫ ባሊትስካ-ቪታኮቭስካ በየገዳማቱ ያነሷቸውን በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ፎቶዎች «መዝገበ ሥዕላት» በሚል ስም አደራጁ። የእያንዳንዱ ፎቶ መለያ አራት ነገር ይይዛል፦ ያነሳው ሰው የስም መነሻ ፊደላት፣ ዓመቱ፣ የፎልደሩ ቁጥር፣ በፎልደሩ ውስጥ ያለው ተራ ቁጥር። አዲስ ፎቶ ሲመጣ የድሮው ስም አይነካም። አንድ ምሁር ከዓመታት በፊት በጽሑፉ የጠቀሰውን ፎቶ አንባቢ ዛሬም በዚያው ቁጥር ያገኘዋል።

ይህ ሁሉ የምሁራን ጉዳይ ብቻ የሚመስለው ሰው በ2016 ዓ.ም. የተጀመረውን የኮሪደር ልማት ያስብ። ከአራት ኪሎ በቀበና አድርጎ እስከ መገናኛ ያለው መንገድ ገጽታው ተለውጧል። ሥራው ትክክል ነው ወይስ አይደለም የሚለው ክርክር ይቀጥላል። በክርክሩ መካከል ግን አንድ ነገር አያከራክርም፤ ከአሥር ዓመት በፊት በዚያ መንገድ ዳር የተነሳ የቤተሰብ ፎቶ፣ ከሰዎቹ ጀርባ የሚታየው አጥርና ሱቅ ሳይቀር፣ ዛሬ የታሪክ ሰነድ ሆኗል። ቦታውና ቀኑ ካልተጻፈበት ግን የማንም ከተማ፣ የማንም አጥር ነው። «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተሰኘው ሥራ የከተማዋን ቤተሰቦች የድሮ ፎቶ ከነታሪኩ ሰብስቦ እ.ኤ.አ. በ2018 በመጽሐፍ ሲያወጣ ሰው የወደደው፣ ከፎቶው ጀርባ ያለውን ታሪክ የሚናገር ሰው ስለተገኘ ጭምር ነው።

ኢትዮጵያዊ ፎቶውን ሲያደራጅ የውጭ መመሪያ የማይነግረው ሦስት ወጥመድ ይገጥመዋል።

አንደኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። ከፎቶ ጀርባ «1967» ተብሎ ቢጻፍ፣ ንጉሡ ከዙፋናቸው የወረዱበት ዓመት ነው ወይስ ገና በሥልጣን ላይ የነበሩበት? በኢትዮጵያና በአውሮፓ አቆጣጠር መልሱ ይለያያል። ስልክም የሚመዘግበው በአውሮፓ ነው። የየካ ሚካኤል ታቦት ጥር 12 ሲመለስ የተነሳ ፎቶ በ2015 ዓ.ም. ጃንዋሪ 20 ላይ፣ በ2016 ዓ.ም. ጃንዋሪ 21 ላይ ይገኛል።

ሁለተኛው ፊደል ነው። «ሠርግ» እና «ሰርግ»፣ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ለአንባቢ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን የተለያዩ ቃላት ናቸው። አንዱን ፈልጎ ሌላውን ላያገኘው ይችላል።

ሦስተኛው የቦታ ስም ነው። ከፍተኛና ቀበሌ ወደ ክፍለ ከተማና ወረዳ ተለወጠ። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ከየካና ከቦሌ ተከፍሎ ለሚ ኩራ ተቋቋመ። የካ አባዶ ዛሬ በስሙ የካ፣ በአስተዳደሩ ለሚ ኩራ ነው። ወረዳ ይለወጣል፤ ደብርና ወንዝ ግን በቀላሉ ስሙን አይለውጥም። ስለዚህ «የካ ሚካኤል ጀርባ» ወይም «ቀበና ወንዝ አጠገብ» ከወረዳ ቁጥር ይልቅ ዕድሜ አለው።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ፎልደሩ በዓመት፣ በወርና በቀን ቁጥር ይጀምር፤ ቦታና ጉዳይ ይከተል፦ «2016-05-12 የካ ሚካኤል ጥምቀት»። እንዲህ ከሆነ ፎልደሮቹ ራሳቸው በቅደም ተከተል ይሰለፋሉ። አንድ አቆጣጠርና አንድ የፊደል አጻጻፍ ተመርጦ በእሱ ይጸና። ከጎኑ አንድ መዝገብ፣ ደብተርም ኤክሴልም ቢሆን፣ የፎልደሩን ስም፣ የሰዎቹን ስም ከግራ ወደ ቀኝ፣ ያነሳውን ሰው፣ ቅጂው የት የት እንዳለ ይያዝ። ከቅጂዎቹ አንዱ ከቤት ውጭ ይቀመጥ። ቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከን ምስል አሳንሶ የቀን መረጃውን ያስቀራል፤ ለማስቀመጥ የሚላክ ፎቶ እንደ ፋይል ይላክ።

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት አባቶች ይህንን በተግባር ያውቁት ነበር። የብራና ጸሐፊ ሥራውን ሲጨርስ ያስጻፈውን ሰው ስም፣ የንጉሡን ዘመን፣ አንዳንዴም ዘመኑ የማቴዎስ ይሁን የማርቆስ በመጨረሻው ገጽ ያሰፍር ነበር። ጌታቸው ኃይለ ከስድስት መቶ ዓመት በኋላ ያነበቡት ያንን ነው።

ዛሬ አንዲት የየካ አያት አልበም ገልጠው «ይሄ አጎትህ ነው፣ ይሄ ደግሞ...» ሲሉ አጠገባቸው እስክሪብቶ የያዘ ሰው ቢኖር፣ ከእንጦጦው ጣቢያ የማያንስ ሥራ ተሠራ ማለት ነው። ሳተላይት ጊዜው ሲያልፍ ሌላ ይመጥቃል። እሳቸው የያዙት ስም ግን ሌላ ቅጂ የለውም።