«ሙቭመንት»፦ የሐዘን አልበም ነውን?

ኒው ኦርደር እ.ኤ.አ. በ1981 በፋክተሪ ሬከርድስ በኩል ያወጣው የመጀመሪያ አልበሙ «ሙቭመንት» ወጣ ገባ ሥራ ለመሆኑ ክርክር የለም፤ የሚያከራክረው ምክንያቱ ነው። በተለመደው ትንታኔ መሠረት፣ የጆይ ዲቪዥን ድምፃዊ ኢያን ከርቲስ በ1980 ራሱን ካጠፋ በኋላ የቀሩት ሦስቱ ጊሊያን ጊልበርትን ጨምረው ኒው ኦርደር በሚል አዲስ ስም ቢቀጥሉም፣ ሐዘኑ አልለቀቃቸውም፤ ፕሮዲዩሰሩ ማርቲን ሃኔትም በአሮጌው ድምፅ ላይ ቸክሎ አስቀራቸው። አባላቱ ራሳቸው በአልበሙ አለመርካታቸውን መናገራቸው ትንታኔውን የማይነካ አስመስሎታል። ነገር ግን ባለጉዳይ በራሱ ጉዳይ ሲመሰክር ቃሉ በጥንቃቄ መመዘን አለበት።

ችላ የተባለው ምንጭ በዚያው በ1981 የወጣው «ኤቭሪቲንግስ ጎን ግሪን» ነው። የማሽን ምት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚነዳው ይህ ዘፈን ለዳንስ ቤት የተሠራ መሆኑን ማንም ይሰማዋል፤ ፕሮዲዩሰሩም ያው ሃኔት ነው። ታዲያ እንቅፋቱ እርሱ ከነበረ ይህ እንዴት ተሠራ? አልበሙንም ቀርቦ የሚያደምጥ ሰው መልሱን እዚያው ያገኘዋል። «ትሩዝ» የሚከፈተው በድራም ማሽን ነው፤ በ«ቾዝን ታይም» ስቲቨን ሞሪስ ከበሮውን ማሽን እስኪመስል ድረስ ሳያዛንፍ ይመታል። በ«ድሪምስ ኔቨር ኤንድ» ደግሞ ዜማውን የሚመራው የፒተር ሁክ ቤዝ ጊታር ነው። ምቱ ወደፊት ሄዷል፤ ወደኋላ የቀረው ድምፁ ብቻ ነው። ሁክ ሁለት ዘፈኖችን፣ በርናርድ ሰምነር የቀሩትን ሲዘፍኑ ሁለቱም የሟቹን አዘፋፈን ይከተላሉ። የአልበሙ ወጣ ገባነት እንግዲህ ገና የራሱን ድምፃዊ ካላገኘ ባንድ የመጣ ነው። (የፒተር ሳቪል ሽፋንም ከጣሊያናዊው ፊውቸሪስት ፎርቱናቶ ዴፔሮ ሥራ የተወሰደ ነው፤ የጆይ ዲቪዥን «ክሎዘር» ሽፋን ግን የመቃብር ሐውልት ነበር። ሽፋን ብቻውን ማስረጃ እንደማይሆን አይጠፋንም።)

ነጠላው ዘፈን በአልበሙ ውስጥ ስለሌለ አይቆጠርም የሚል ይኖራል። ፋክተሪ ነጠላ ዘፈኖችን ከአልበም ለይቶ ማውጣት ልማዱ ነበር፤ የ1983ቱ «ብሉ መንዴይ» እንኳ በእንግሊዝ በወጣው «ፓወር፣ ኮራፕሽን ኤንድ ላይስ» ውስጥ አልተካተተም፤ ያን አልበም ያለ ዘፈኑ የሚተነትን ግን የለም። ባንዱ በ1982 ያለ ሃኔት የሠራው «ቴምፕቴሽን» አዲስ ያመጣው የሰምነርን የራሱን አዘፋፈን ነው፤ የዳንሱ ምት ግን ከእርሱ በፊት ተሠርቶ አልቋል።