ውርወራ ወይስ ውድቀት? ከነፋስ ተርባይን ክንፍ ስለሚላቀቅ በረዶ

በረዶ በነፋስ ተርባይን ክንፍ ላይ እንዴት እንደሚጠራቀም ብዙ አያከራክርም። ከዜሮ ዲግሪ በታች ወርዶም ያልረጋ የደመና ጠብታ የክንፉን ግንባር ሲመታ እዚያው ይረጋል፤ የክንፉ ጫፍ ይበልጥ ስለሚፈጥን በረዶውም ወደ ጫፉ ይወፍራል። ሚዛን ይዛባል፣ የሚመነጨው ኃይል ይቀንሳል።

ጥያቄው የተላቀቀው በረዶ የት ያርፋል የሚለው ነው። ሄንሪ ዛይፈርትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2003 ባቀረቡት ጥናት መልሱ አጭር ነው፦ የክንፎቹን የመዞሪያ ዲያሜትርና የማማውን ቁመት ደምሮ በ1.5 ማባዛት። በዚህ ቀመር ውስጥ የበረዶው ክብደት የለም፤ የነፋሱም ሆነ የክንፉ ፍጥነት የለም፤ የመሬቱ ተዳፋትም የለም። ለመነሻ ግምት ብቻ የታሰበ ነው ይባላል። ይሁን፤ ግምት ግን ተደጋግሞ ሲጠቀስ ድንበር ሆኖ ያርፋል።

የተዘነጋው ማስረጃ ያለው ስዊዘርላንድ ውስጥ፣ ከአንደርማት በላይ 2300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በሚገኘው ጉትሽ ነው። ረኔ ካታንና ባልደረቦቹ ከ2005 ጀምሮ በብርዱ ወራት ከአንድ ተርባይን ዙሪያ የበረዶ ስብርባሪ እየለቀሙ መዝነዋል፣ ርቀቱንም ለክተዋል። ማማው 50፣ ዲያሜትሩ 40 ሜትር ገደማ ስለሆነ ቀመሩ 135 ሜትር ይላል። ከተገኙት ከ200 በላይ ቁራጮች እጅግ የራቀው 92 ሜትር ላይ ነበር። ከባዱ 1.8 ኪሎ መዝኗል፤ 40 በመቶ ያህሉ የተለቀመው ግን ከክንፎቹ ሥር ነው።

ዛይፈርት ለቆመ ተርባይን ያወጣው ሌላ ቀመር አለ፤ ብዙም አይነሳም። ነፋሱ በሴኮንድ 20 ሜትር ቢነፍስ ለጉትሽ 93 ሜትር ይሰጣል። እንግዲያው ያቺን የሩቅ ቁራጭ ለማስረዳት ውርወራ የግድ አይደለም፤ ከቆመ ክንፍ የወደቀና ነፋስ የገፋው በረዶ ይበቃል። የአንድ ቦታ ልኬት በጥንቃቄ መታየት እንዳለበት አይካድም። አነስተኛ ተርባይን ለዛሬዎቹ ግዙፎች አይመሰክርም ለሚሉ ግን፣ ግዙፍነት በረዶው የሚወድቅበትን ከፍታ ይጨምራል እንጂ መውደቁን አያስቀርም።

በረዶ ሲታይ ተርባይኑን ማቆም ውርወራን ብቻ ይከላከላል። ክንፉን ማሞቅ ደግሞ በረዶውን በአንድ ጊዜ ይለቀዋል። በዚያች ሰዓት ለአደጋው የሚቀርበው ራቅ ብሎ የሚያልፈው መንገደኛ ሳይሆን ወደ ማማው በር የሚሄደው የጥገና ሠራተኛ ነው፤ በሩ ያለው ከክንፎቹ ሥር ነውና። ስለዚህ የፈቃድ ሰነድ ከርቀት ክልሉ አስቀድሞ ሊወስን የሚገባው፣ ተርባይኑ በረዶ ይዞ ሲቆም ክንፎቹ ከመግቢያው መንገድ ወደየት ዞረው እንደሚቆሙ ነው።