ከሹዐይባ ወደብ እስከ ድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ፦ ባዕድ አገር የመግባት ሥጋት በታሪካችን

  

የመስጂዳችን ኮሚቴ ለዚህ መታሰቢያ መጽሔት ከታሪክ አንድ ጉዳይ እንድጽፍ ሲጠይቀኝ የመረጥኩት ከሶላት በኋላ ደጋግሞ የሚቀርብልኝን ጥያቄ ነው። ጠያቂዎቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ ከወሎ፣ ከጅማ፣ ከባሌ ወይም ከአዲስ አበባ በሥራ ዝውውር፣ በትምህርት ወይም በትዳር ምክንያት ወደ ድሬዳዋ የመጣ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ከዚሁ ከከዚራ ተነሥቶ ወደማያውቀው አገር ለመሄድ የተዘጋጀ ነው። የሁለቱም ጥያቄ ግን አንድ ነው። «ሰዉን አላውቀውም፣ ምግቡን አልለመድኩትም፣ ልማዱ ሌላ ነው፤ ዲኔን ይዤ እንዴት ልኑር?» ይላሉ። አንዳንዱም ይህ ሥጋት ስላደረበት ብቻ ኢማኑ የደከመ ይመስለዋል። ለዚህ ሰው ከምክር ይልቅ ታሪክ የበለጠ ይጠቅመዋል ብዬ አምናለሁ።

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) በተላኩ በ5ኛው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ615፣ በረጀብ ወር 11 ወንዶችና 4 ሴቶች ከመካ በስውር እንደወጡ የታሪክ ጸሐፊዎች ዘግበዋል። ከነርሱም መካከል ዑስማን ኢብኑ ዐፋንና ባለቤታቸው የረሱል ልጅ ሩቀያ (ረ.ዐ.) ይገኙበታል። ሹዐይባ ከሚባለው ወደብ ሲደርሱ ሁለት የንግድ መርከቦች አገኙና በግማሽ ዲናር ተሳፈሩ። ቁረይሾች እግር በእግር ተከትለው ከባሕሩ ዳር ቢደርሱም መርከቦቹን አላገኟቸውም። ቆየት ብሎም ጀዕፈር ኢብኑ አቢ ጣሊብ (ረ.ዐ.) የሚገኙበት፣ ከ80 በላይ ወንዶች ያሉት ትልቁ ጉዞ ተከተለ።

እኛ ይህን ታሪክ ስንተርክ ከመርከቡ ወርደን ወዲያው ወደ ነጃሺ ችሎት እንዘላለን። ጀዕፈር የተናገሩትን፣ የመርየም ሱራ ሲቀራ ንጉሡ ማልቀሳቸውን፣ የቁረይሽ መልእክተኞች ስጦታቸው ተመልሶላቸው አፍረው መሄዳቸውን እናወሳለን። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ችሎቱ የጥቂት ቀን ጉዳይ ሲሆን ጀዕፈርና ቤተሰባቸው በሐበሻ የኖሩት ከ10 ዓመት በላይ ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን እንጀራ መፈለግ፣ ልጅ መውለድ፣ መታመም፣ ሬሳ መቅበር፣ ከማያውቁት ጎረቤት ጋር መነጋገር ነበረ።

ይህን የዕለት ኑሮ በተመለከተ ሁለት ሴቶች የተናገሩት ተጠብቆልናል። አንዷ ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ.) ናቸው። ሐበሻ በገቡ ጊዜ መልካም ጎረቤት እንዳገኙ፣ በዲናቸው ሰላም እንደሆኑ፣ የሚያስከፋ ነገር እንዳልሰሙ ተናግረዋል። ሌላዋ የጀዕፈር ባለቤት አስማእ ቢንት ዑመይስ (ረ.ዐ.) ናቸው። በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ ከኸይበር ዘመቻ ጋር ገጥመው መዲና ከገቡ በኋላ ዑመር (ረ.ዐ.) «እኛ በሂጅራ ቀድመናችኋል» ቢሏቸው አስማእ ተቆጡ። እናንተ የተራበውን ከሚያበሉና ያላወቀውን ከሚያስተምሩ ከረሱል ጋር ነበራችሁ፤ እኛ ግን በሩቁና በማይወደን ሰው አገር፣ እየተቸገርንና እየፈራን ኖርን የሚል መልስ ሰጡ። ጉዳዩንም ረሱል ዘንድ አቀረቡ። ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ.) «ፈርታችሁ ነበርና ኢማናችሁ ጎድሏል» አላሏቸውም። ለነዑመር አንድ ሂጅራ፣ ለመርከቡ ሰዎች ግን ሁለት ሂጅራ እንዳላቸው ነገሯቸው። ከመርከቡ ሰዎችም ብዙዎቹ ይህን ቃል ከአስማእ አፍ ለመስማት በቡድን በቡድን ይመጡ ነበር።

የሁለቱ ሴቶች ንግግር አይጋጭም። ንጉሡ ፍትሐዊ ነበሩ፤ አገሩ ግን ባዕድ ነበር። በአንድ ቤት ውስጥ እንኳ አንዱ ሰላሙን አስቦ ያመሰግናል፣ ሌላው ናፍቆቱን አስቦ ያለቅሳል። ከባሏ ጋር ተዛውራ ድሬዳዋ የመጣች እህት «እርሱ ሥራ ቦታ ሰው አለው፣ እኔ ግን ግድግዳውን አያለሁ» ብትል አማራሪ ናት ማለት አይገባም።

ከዚህም ሌላ አንድ ፍርሃት ነበረባቸው። ነጃሺን የሚቀናቀን ሰው ተነሥቶ ጦርነት በሆነ ጊዜ ሙሃጂሮቹ፣ ይህ ሰው ካሸነፈ የነጃሺ ያወቁልንን መብት አያውቅልንም ብለው እጅግ ተጨነቁ። ለነጃሺ ድል ዱዓ አደረጉ። ከሁሉም በዕድሜ የሚያንሱት ዙበይር ኢብኑል ዐዋም (ረ.ዐ.) በተነፋ አቁማዳ ላይ ሆነው የዓባይን ውኃ ዋኝተው ተሻገሩና የውጊያውን ወሬ አመጡ። እንግዳ ሰው የባለአገሩ ሰላም የራሱ ሰላም መሆኑን በዚያች ቀን ተረድቷል።

ሙሃጂሮቹ ቋንቋም ለምደዋል። ኡሙ ሰለማ የነጃሺን ንግግር ሲያወሩ «ደብር» የሚለውን የሐበሻ ቃል እንዳለ አስቀርተውታል፤ ትርጉሙም ተራራ ነው። ከወርቅ የሆነ ደብር ቢሰጠኝ እንኳ ከእናንተ አንድ ሰው እንዲነካ አልወድም ማለታቸው ነበር። ከልማድም የወሰዱት አለ። በአረቦች ዘንድ የሴት ጀናዛ ጨርቅ ብቻ ጣል ተደርጎበት ሲወጣ የሰውነቷ ቅርፅ ይታይ ስለነበረ የረሱል ልጅ ፋጢማ (ረ.ዐ.) ይህን ይጠሉት እንደነበር ተዘግቧል። አስማእም በሐበሻ ያዩትን ነገሯቸው፤ እርጥብ የዘንባባ ዘንግ አስመጥተው አጎበጡና ጨርቅ ጣሉበት። ፋጢማ ወደዱት፤ ሲሞቱም እንዲሁ ተደረገላቸው። እንግዲህ የዲኑን መሠረት ያልነካ መልካም ልማድ ከጎረቤት መውሰድ ነውር ቢሆን ኖሮ በረሱል ልጅ ጀናዛ ላይ ባልተደረገ ነበር።

አሁን ወደ ከተማችን እንመለስ። ከዛሬዋ ከተማ በፊት በዚህ ሜዳ የሶማሌና የኦሮሞ ወገኖቻችን ከብትና ግመል ያሰማሩበት ነበር፤ ስሟንም ሁለቱም በየቋንቋቸው ይፈቱታል። በ1886 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ የባቡር መንገድ ሥራን ሲፈቅዱ ሐዲዱ ወደ ሐረር ይወጣል ተብሎ ታስቦ ነበር። ተራራውን መውጣት ወጪው ከባድ ስለሆነ ግን ሐዲዱ በቆላው እንዲያልፍ ተወሰነና በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። ከጅቡቲ ወደ 310 ኪሎ ሜትር ያህል መሆኑ ነው። ኩባንያው ገንዘብ አጥሮት ስለከሰረና ሥራው ስለተጓተተ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። በዚህ መካከል ባሉት ዓመታት የሐዲዱ መጨረሻ ሆና የቆየችው ብዙውን ጊዜ ድሬዳዋ ነበረች። ዕቃ ሁሉ እዚህ ይራገፋል፤ በግመልና በበቅሎም ይጫናል። ሰውም እንዲሁ።

ያን ጊዜ እዚህ ባዕድ ያልሆነ ማን ነበር? ከየመን የመጣው አረብ ሱቅ ከፈተ። ሕንዱ፣ አርመኑና ግሪኩ ንግድና የእጅ ሥራ ያዘ። ሐረሪው ከጁገል ወረደ። ጉራጌውና አማራው ሥራ ፍለጋ መጣ። ፈረንሳዩም በከዚራ ቀጥ ያሉ መንገዶች ቀይሶ፣ ጥላ የሚሆኑ ዛፎች ተክሎ፣ ጣቢያውንና የሠራተኞቹን ቤት ሠራ። ከደቻቱ ማዶ ደግሞ መጋላ በራሷ ጠባብ መንገዶች አደገች። ሁለቱን ሠፈር የሚለየው ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው። አገሩን ያላወቀ እንግዳ ወንዝ ነው ቢሉት አያምንም። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ግን በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል፤ አላህ ይዘንላቸው። አገር መጠየቅ ማለት ስለ ሰዉ ብቻ ሳይሆን ስለ መሬቱም መጠየቅ ነው።

ከደጋ የሚመጣ ሰው አስቀድሞ የሚያማርረው ሙቀቱን ነው፤ እርሱ በሁለት ክረምት ይለመዳል። የሚያስደነግጠው ሌላው ነገር «አንተ» መባል ነው። ባደገበት አገር ታላቁን «እርስዎ» ያላለ ልጅ ስድ ይባላል። እዚህ ደግሞ ከልጅ እስከ ሽማግሌ አንተና አንቺ ነው። አንድ የወሎ አባት ሱቅ ገብተው ባለሱቁ ልጅ «አባባ ምን ልስጥህ?» ቢላቸው ተሰድበው የወጡ ያህል ይሰማቸዋል። እኔንም የቁርኣን ተማሪዎቼ «አንተ ሼኽ» ይሉኛል፤ መጽሐፌን የሚሸከሙልኝም እነርሱ ናቸው። በአረብኛም ለአንድ ሰው የሚባለው «አንተ» ነው። በአማርኛም ጌታችን አላህን በዱዓ የምንለምነው «አንተ» ብለን ነው። አክብሮት በየአገሩ የሚቀመጥበት ቦታ ይለያያል። እዚህ የተቀመጠው በእጅ ላይ ነው፤ ማለትም ያለውን በማካፈልና የታመመን በመጠየቅ። የድሬ ልጅ በበኩሉ ደጋ ሲሄድ «እርስዎ» ማለትን ይማር፤ አለዚያ ጥፋቱ የርሱ ነው።

ምግብን በተመለከተ ነገሩ ከሚፈራው የቀለለ ነው። የሙስሊምና የክርስቲያን ሥጋ ቤት ለየብቻ ነው። ክርስቲያን ጎረቤት ድግስ ሲኖረው ለሙስሊም እንግዶቹ የሚያርድ ሙስሊም ይጠራል፤ ድስቱም ለብቻ ይጣዳል። ይህ ሕግ ሆኖ የተጻፈበት ቦታ የለም፤ በመከባበር የቆየ ነው።

ይበልጥ የሚከብደው፣ ሰውም የማይጠብቀው፣ በራሳችን በሙስሊሞች መካከል ያለው ልዩነት ነው። ሐረርጌ ከጥንት ጀምሮ የሻፊዒይ መዝሀብ አገር ነው። ከወሎና ከሌላው የሰሜንና የምዕራብ አካባቢ የሚመጡ ወንድሞች ብዙዎቹ በሐነፊይ መዝሀብ ያደጉ ናቸው። እንግዳው ሱብሒ ላይ ከኋላ ይቆማል። ፋቲሓ ሲያልቅ መስጂዱ በአንድ ድምፅ «አሚን» ሲል ይደነግጣል። በሁለተኛው ረክዓ ኢማሙ ከሩኩዕ ቀና ብሎ እጁን አንሥቶ ቁኑት ሲያደርግ ደግሞ እጁን ያንሣ ወይስ ይተው ይጨንቀዋል። ካሰላመተ በኋላ አጠገቡ ያለው ሰው በጎን ቢያየው «ሶላትህ ጎድሏል» የተባለ ይመስለዋል፤ በሚቀጥለው ቀንም እቤቱ ይሰግዳል። ጀመዓችን በዚህ ምክንያት ሰው ማጣት የለበትም። ዑስማን (ረ.ዐ.) በኸሊፋነታቸው ዘመን ሚና ላይ አራት ረክዓ በሰገዱ ጊዜ ዐብዱላህ ኢብኑ መስዑድ (ረ.ዐ.) ከረሱል ጋር እዚያው ሁለት መስገዳቸውን አስታውሰው ተቃወሙ። ሶላቱ ሲቆም ግን ከዑስማን ኋላ አራት ሰገዱ። ሲጠየቁም መለያየት መጥፎ መሆኑን ተናገሩ። ሁለቱም ወደ ሐበሻ ተሰደው የነበሩ ሰሃቦች መሆናቸውን ልብ ይሏል። ስለዚህ ከኋላዬ የሚሰግድ ሐነፊይ ወንድሜ በቁኑት ጊዜ ዝም ብሎ ይቁም፤ ሶላቱ ሙሉ ነው። አጠገቡ ያለውም ዓይኑን ወደ ሱጁድ ቦታው ይመልስ።

እንግዳ ሰው ምንም ቢደፍር በአፉ የማያወጣው አንድ ጥያቄ አለ፤ «ብሞት ማን ይቀብረኛል?» የሚል ነው። ለዚህ ሐረርጌ አፎሻ አላት። ሌላው አገር ዕድር የሚለው ነው። አፎሻ የገባ ሰው በሠርጉም በሐዘኑም ብቻውን አይሆንም። ስለዚህ አዲስ ጎረቤት ሲመጣ ቋንቋውንና ጎሣውን ከመጠየቅ በፊት አፎሻ መግባቱን መጠየቅ ይገባናል። ይህንን የምለው በምክንያት ነው። በ2010 ዓ.ም. ከሶማሌና ከኦሮሚያ ክልሎች ወሰን አካባቢ የተፈናቀሉ ሰዎች ከተማችን ውስጥ ተጠልለው ነበር። ወደው የመጡ አልነበሩም። ሶማሊኛ ወይም ኦሮምኛ መናገር ብቻ በጥርጣሬ የሚያሳይ ጊዜ ነበርና፣ በከተማችን ከአንድ አፎሻ ገብተው የኖሩ ሰዎች እንኳ በዓይን መፈራራት ጀምረው ነበር። ያ ጊዜ በአላህ ፈቃድ አለፈ፤ ነገር ግን እንዳይረሳ ብጽፈው እመርጣለሁ።

ከዚህ ለሚሄዱትም አንድ ነገር ልጨምር። ዐብዱላህ ኢብኑ መስዑድ ከነጃሺ ዘንድ ተመልሰው ረሱል ሶላት ላይ እያሉ እንደ ድሮው ሰላምታ ቢያቀርቡ መልስ አላገኙም። በሌሉበት ጊዜ በሶላት ውስጥ መነጋገር ቀርቶ ነበር። ረሱል ሶላታቸውን ሲጨርሱ አስረዷቸው። ከአረብ አገር ከብዙ ዓመት በኋላ የሚመለሱ ልጆቻችንም ትተውት የሄዱትን ሠፈር አያገኙትም። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪኩ ባቡር ጣቢያ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። እኩዮቻቸው ተበትነዋል። እነርሱንም እንደ እንግዳ ተቀብሎ ማስረዳት ያስፈልጋል።

ከመርከቡ ጋር ከሐበሻ ወደ መዲና ከገቡት መካከል ኡሙ ኻሊድ የምትባል ትንሽ ልጅ ነበረች። አባቷ ኻሊድ ኢብኑ ሰዒድ (ረ.ዐ.) ናቸው፤ የተወለደችውም እዚሁ በሐበሻ ነው። ወላጆቿ አገራቸው ገቡ፤ እርሷ ግን የምታውቀውን አገር ትታ ነው የመጣች። አንድ ቀን ለረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ጥለት ያለባት ትንሽ ጥቁር ልብስ መጣችላቸው። ለማን እንስጣት ብለው ቢጠይቁ ሰዉ ዝም አለ። ኡሙ ኻሊድን አምጡልኝ አሉ፤ ተሸክመው አመጧት። በእጃቸው አለበሷት። ከዚያም ጥለቱን በጣታቸው እያሳዩ በተወለደችበት አገር ቋንቋ «ሰናህ» አሏት። ያማረ ማለት ነው፤ በግእዝ «ሠናይ» የምንለው ነው።