ትርፍ ቤት፤ ከሸጎሌ እስከ አሶሳ

አዲስ አበባ ውስጥ «ሸጎሌ! ሸጎሌ!» እያለ የሚጣራ የታክሲ ረዳት የአንድ የአሶሳ ሰው ስም እየጠራ መሆኑን የሚያውቅ አይመስለኝም። ሼህ ሆጀሌ አልሐሰን የቤኒሻንጉል ገዥ ነበሩ። ለማዕከላዊው መንግሥት ወርቅ እየገበሩ ኖሩ፤ በዋና ከተማይቱም ጉለሌ ላይ ቦታ ይዘው እስከ ዛሬ የሚታወቅ ትልቅ ቤት ሠሩ። ሰፈሩ በስማቸው ተጠራ፤ ሕዝቡ በምላሱ እያለሳለሰ «ሸጎሌ» አደረገው። በዚያ ዘመን ከተማ ውስጥ ሰፊ ቦታ የሚገኘው ቤተ መንግሥቱን በመጠጋት ነበር። የሚገብረው ወርቅ የሌለው ደግሞ ከባለ ቦታው ግቢ ጥግ አንዲት የጭቃ ክፍል ተከራይቶ ይገባል።

የኔ ጉዳይ ይኸ ተከራይ ነው። ለእሱ የሚሆን ቤት የመሥራት ግዴታ ያለበት ማን ነው? ባለ ቦታው? ነጋዴው? ከተማው? ወይስ መንግሥት?

በ1967 ዓ.ም. ለዚህ ጥያቄ በአራት ወር ልዩነት ሁለት መልሶች ተሰጡ። አንደኛው አሜሪካ፣ ኒው ጀርሲ ውስጥ ነው። ማውንት ሎረል የምትባል ትንሽ ከተማ፣ በግዛቷ የሚሠራው ሰፋ ያለ ግቢ ያለው የአንድ ቤተሰብ ቤት ብቻ ነው የሚል ደንብ ነበራት። ድሃ አይግባ የሚል ቃል ደንቡ ላይ የለም፤ የከለከለው ሜትሩ ነው። ለትውልዶች እዚያው የኖሩ ጥቁር ቤተሰቦች፣ ኤቴል ሎረንስ የተባሉ እናት ከፊት ሆነው፣ ከሰሱ። መጋቢት ላይ የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ በማደግ ላይ ያለች ከተማ ሁሉ ለዝቅተኛ ገቢ ነዋሪዎች የሚሆን ቤት የድርሻዋን ያህል ማስተናገድ አለባት ብሎ ፈረደ። ከተሞቹ አንገራገሩ። ከስምንት ዓመት በኋላ ፍርድ ቤቱ ሌላ መላ መታ፦ ከሚሠራቸው ቤቶች አንድ አምስተኛ ያህሉን ለድሃ የሚያደርግ ቤት ሠሪ፣ ፈቃድ የነፈገችውን ከተማ ከሶ በፍርድ ማስገደድ ቻለ። ነጋዴው ለጽድቅ ብሎ አልነበረም፤ ትርፉን ፈልጎ ነው። ቢሆንም ከሳሽ ተገኘ። ኤቴል ሎረንስ ግን ማውንት ሎረል ውስጥ ቤቶቹ ቆመው ሳያዩ አረፉ።

ሁለተኛው መልስ የኛ ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ አዋጅ ቁጥር 47ን አወጀ። የከተማ ቦታ በሙሉ የመንግሥት ሆነ፤ ከመኖሪያው በላይ ቤት ያለው ሰው «ትርፍ ቤቱ» ያለ ካሳ ተወረሰ፤ አነስተኛ ኪራዮች ከ15 እስከ 50 በመቶ ተቀነሱ። በወር እስከ መቶ ብር የሚከራየው ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያለው ለኪራይ ቤቶች ተሰጠ። የጭቃ ክፍሏ ተከራይ በዚያ ክረምት እልል ቢል ማን ይፈርድበታል? እኔ አልፈርድበትም። ብዙ ቤተሰብ ከተማ መሐል የቆየው በቀበሌ ቤት ነው። ግን ቤት ሠርቶ ማከራየት በመከልከሉ አዲስ የሚሠራ ጠፋ፤ ያለውም ቆርቆሮው እስኪያፈስ የሚያድሰው አላገኘ። በማን ላይ ይከሰሳል? ባለ ቦታውም፣ አከራዩም፣ ደንብ አውጪውም አንድ ሆነዋል።

መንግሥት ራሱ ቤት ሠሪ ሲሆን ምን እንደሚመስል ለማየት ኮንዶሚኒየም ድረስ መጠበቅ አያስፈልግም፤ አሶሳ ቀድማ አይታዋለች። በ1970ዎቹ ከወሎ በድርቅ የተፈናቀለው ሕዝብ እየተጫነ አሶሳ ዙሪያ ሰፈረ። ጎጆዎቹ በመስመር ተደረደሩ፤ መንደሮቹ ስም ሳይሆን ቁጥር ተሰጣቸው። ቁጥሩ ዛሬም አድራሻ ሆኖ የቀረባቸው አሉ። የበርታው ገበሬ መሬቱን እያፈራረቀ የሚያርስበት፣ ቀርከሃ የሚቆርጥበት አገር ነበር። ባለ አገሩንም የጠየቀ አልነበረም፤ ሰፋሪውንም የጠየቀ አልነበረም። ሁለቱም ዕዳውን ለረጅም ዘመን ከፈሉ።

ሥነ ጽሑፍ ማስተማር ከተውኩ በኋላም ቃል መበርበር አልተወኝም። «ትርፍ» በ1967 የተረፈ፣ ሊወረስ የሚገባው ማለት ነበር። በ1986 ዓ.ም. የሊዝ አዋጅ ከወጣ በኋላ ያው ቃል ወደ ነጋዴው ትርጉም ዞረ። ቦታው የመንግሥት እንደሆነ ቀረ፤ ከተማው ግን ቦታን በጨረታ እየሸጠ ገቢ ማግኘት ለመደ። ሪል ስቴቶችም ተነሡ፤ የሚሠሩት በአብዛኛው ለባለ ገንዘቡና ውጭ አገር ላለው ወገን ነበር። ለድሃው በ1990ዎቹ መጨረሻ ኮንዶሚኒየም መጣ፤ ዕጣ፣ ለሴቶች 30 በመቶ፣ ቅድሚያ ክፍያ፣ የባንክ ብድር። መልካም አሳብ ነበር፤ አሁንም እንዲያ እላለሁ። ክልል ከተሞች ሲደርስ ግን ቅድሚያ ክፍያውን የሚችል ጠፋና በ2002 ዓ.ም. ገደማ ከአዲስ አበባ ውጭ ቆመ። አዲስ አበባ ላይ በ2005 ዓ.ም. ተመዝግቦ ዕጣ የሚጠብቀው ከ900 ሺሕ በላይ ሆነ። በቅርብ ዓመታት ደግሞ «70 በ30» የሚባል ውል መጣ፦ ከተማው ቦታ ያቀርባል፣ ባለሀብቱ ይሠራል፣ 30ው እጅ ለከተማው ይሆናል። ከማውንት ሎረል አንድ አምስተኛ የበለጠ ነው። ልዩነቱ እዚያ ድርሻው የሚታሰበው ለድሃው ነበር፤ እዚህ ድርሻው ለከተማው ነው። ከከተማው እጅ ወደ ተከራዩ መድረሱን ተከታትሎ የሚከስ ማን ነው? ባለሀብቱ? ነገ ሌላ ቦታ የሚጠይቀው ከማን ሆነና!

በ2009 ዓ.ም. ከአሶሳ ወጣ ባለች የወረዳ ከተማ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ቤት አደርኩ። መምህር ነው። በማኅበር ተደራጅተው ቦታ ተመርተዋል። ፕላኑ ብሎኬት ይላል፤ ብሎኬቱና ሲሚንቶው ደግሞ ከሩቅ ተጭኖ ነው የሚመጣው። በሰፈሩ ቀርከሃና ጭቃ ሞልቷል፤ አያቶች በዚያ ሠርተው ኖረዋል፤ በፕላኑ ግን በቀርከሃ የሚፈቀደው ማዕድ ቤት ብቻ ነው።

«ታዲያ ምን አደረግህ?» አልኩት።

«ማዕድ ቤቱን ሰፋ አድርጌ ሠራኋ፣ ጋሼ» ብሎ ሳቀ። «አምስት ሆነን እንኖርበታለን።»

ንጹሕ፣ ነፋሻ ቤት ነው። ማንጎ እየላጡ አበሉኝ። ከፊት ለፊቱ የትልቁ ቤት መሠረት ወጥቶ፣ ብረቱ ዝጎ ቆሟል። ማታ ዝናቡ ሲያስገመግም ሚስቱ ከውስጥ ሆና ትንሿን ልጅ «ሩጪ፣ ሳሎን ያሰጣሁትን በርበሬ አንሺ!» አለቻት። ልጅቱ ወደ መሠረቱ ሮጠች።